ከካሜራው ካርድ እስከ ሦስተኛው ቅጂ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የመስክ ፎቶግራፎችን ስለ መገልበጥና ስለ መጠበቅ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የታሪክ መምህር ስለ ካሜራ ካርድ ሊናገር ነው ሲባል ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን ፈገግ እል ነበር። ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሥራ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ነገር ግን ዛሬ የእኛ ተማሪዎች ወደ መስክ ሲወጡ የሚይዙት ማስታወሻ ደብተርና ብዕር ብቻ አይደለም። የብራናውን ገጽ፣ የመቃብሩን ጽሑፍ፣ የቤተሰቡን የርስት ወረቀት፣ የአዛውንቱን ፊትና ድምፅ የሚሸከመው 2 ግራም የምትመዝን፣ ቁመቷ 32፣ ወርዷ 24 ሚሊ ሜትር የሆነች ካርድ ናት። በስልክ ውስጥ የምትገባዋ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ማስረጃ ከዚህች ካርድ ወደ ኮምፒውተር በሚያልፍባት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ግን አናስተምርም። እኔም አልተማርኩም ነበር፤ የተማርኩት በጥፋቴ ነው።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። በ2004 ዓ.ም. ከሁለት ተማሪዎች ጋር በቃሉ ወረዳ ወደ አንድ የሸኾች ቤተሰብ ቤት ሄድን። ወሎ በእስልምና ትምህርት ማዕከሎቿ የታወቀች መሆኗን፣ ጀማ ንጉሥን፣ ጌታን፣ ዳናን ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልገኝም። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለ ነበረው እስልምና በሚተነትነው መጽሐፋቸው፣ በየቤቱ የተቀመጡ ጽሑፎችና የሽማግሌዎች ቃል ምን ያህል ታሪክ እንደሚሸከሙ አሳይተውናል። እኛም የእርሳቸውን ዱካ ተከትለን ነበር የሄድነው። የቤቱ አባወራ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡልን። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ፣ ማለትም የዐጀሚ ጽሑፍ ነበር። በደጃፉ ብርሃን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ 186 ፎቶግራፍ አነሳሁ። ሽማግሌው ሲሸኙን፣ «ልጄ፣ አሁን እኔ ብሞትም መጽሐፉ አለ ማለት ነው» አሉኝ። አዎን አልኳቸው።

ማታ ኮምቦልቻ ደረስን። ካርዱን በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ፎቶግራፎቹን በሙሉ መረጥሁና፣ ኮፒ በማድረግ ፋንታ ከት አደረግሁ። ካርዱ ለነገ ባዶ እንዲሆንልኝ ነበር። ሲሶው እንዳለፈ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ባትሪ የለውም። መብራቱ ሲመለስ ካርዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩም ካርዱ መነበብ እንዳልቻለና ፎርማት እንዳደርገው ጠየቀኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ሁሉም የተላለፈ መስሎኝ እሺ አልኩ። በማግሥቱ በዚያው ካርድ በሌላ መንደር 155 ያህል ፎቶግራፎች አነሳሁ።

የሆነውን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ከመጽሐፉ 62 ምስሎች ወደ ኮምፒውተሩ አልፈው ነበር። ከእነርሱም የመጨረሻዎቹ 9 ስማቸው አለ፣ መጠናቸውም ተጽፏል፣ ሲከፈቱ ግን ውስጣቸው ባዶ ነው። የቀሩት 124 በካርዱ ላይ ነበሩ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ወዳጄ ፎቶሬክ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ፈትሾ 31 ምስሎች አወጣልኝ፤ ሁሉም የመጽሐፉ መጨረሻ ናቸው። እንግዲህ ከገጽ 1 እስከ 53፣ ከዚያም ከ156 እስከ 186 አለኝ። የጸሐፊው ስምና የጻፈበት ዘመን በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሚገኙ ማን፣ መቼ እንደጻፈው አውቃለሁ። መካከሉ ግን የለም። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደዚያ ቤት ስመለስ አዛውንቱ አርፈው፣ መጻሕፍቱ ለልጆች ተከፋፍለው ነበር። ያ መጽሐፍ ለማን እንደደረሰ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አሁን ለምን እንዲህ እንደሆነ እንመልከት፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉዳት የራሱ አሠራር አለው፤ እድል ብቻ አይደለም።

በካርዱ ውስጥ ያለው ነገር ፍላሽ የሚባል የማስታወሻ ዓይነት ነው። በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ነው። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን በታጠሩ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማጎር ይሠራል፤ የታጎረውና ያልታጎረው ልዩነት ዜሮና አንድ ሆኖ ይነበባል። ኃይል ሲቋረጥ ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ስለሚቆዩ ምስሉ አይጠፋም። ነገር ግን አጥሩ ፍጹም አይደለም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያፈስሳል፤ በተደጋጋሚ በተጻፈበትና በሙቀት በተቀመጠ ካርድ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ካርድ መሸጋገሪያ ነው እንጂ ግምጃ ቤት አይደለም። በመሳቢያችሁ ውስጥ ከአምስት ዓመት በፊት የተዋችሁት ካርድ ካለ፣ ዛሬ ማታ አንብቡት።

ከምስሎቹ በተጨማሪ ካርዱ የራሱ መዝገብ አለው። የቢሮ መዝገብ ቤትን አስቡ። ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ናቸው፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ተጽፏል። ምስል ስንሰርዝ የሚሰረዘው የመዝገቡ መስመር ነው፤ ፋይሉ ከመደርደሪያው አልተነሣም፤ ቦታው ግን «ለሌላ ይሰጥ» ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል። ፈጣኑ ፎርማትም እንዲሁ አዲስ ባዶ መዝገብ መክፈት ነው። በዚያች ማታ እሺ ባልኩ ጊዜ 124ቱም ምስሎች በቦታቸው ነበሩ! ያጠፋኋቸው በማግሥቱ ጧት ነው። ካሜራው ባዶ መዝገብ ስላየ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሮ አዲሶቹን 155 ምስሎች በአሮጌዎቹ ላይ ጻፈ። ከ155ኛው ቦታ በኋላ ያሉት 31ዱ ብቻ ተረፉ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን፤ ካርድ ላይ የሆነ ነገር ከጠፋ ወይም ካርዱ አልነበብም ካለ፣ በዚያ ካርድ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አታንሡ፤ አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። የማዳኛ ፕሮግራሙም ያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ እንጂ ወደዚያው ካርድ እንዳይጽፍ ተጠንቀቁ።

ዘጠኙ ባዶ ምስሎችስ? ኮምፒውተር የሚጽፈውን ወዲያው ዲስኩ ላይ አያሰፍርም፤ ለጥቂት ሴኮንዶች በጊዜያዊ ማስታወሻው ይይዘዋል። ስሙና መጠኑ ቀድመው ሲመዘገቡ ይዘቱ ገና በመንገድ ላይ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ መንገድ ላይ ቀረ። ከት ማድረግ ደግሞ ዋናውን ከካርዱ ላይ አብሮ ሰርዟል። ኮፒ ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ መብራቱ አሥር ጊዜ ቢጠፋም የማጣው ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ በከተሞቻችን ከካርድ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ሁልጊዜ በኮፒ ይሁን፣ ቢቻል ባትሪ ባለው ላፕቶፕ፤ ካርዱም ከመነቀሉ በፊት በደንቡ ይሰናበት። በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች መሳብም ይጠቅማል። ይሁንና መቆለፊያዋ ለካርድ አንባቢው ምልክት ከመስጠት ያለፈ ኃይል የላትም፤ አንባቢው ካላከበራት ቫይረስ የያዘው የሰፈር ኮምፒውተር ይጽፍበታል። ፎልደሮቻችንን ሁሉ ወደ ሾርትከት የቀየረውን ቫይረስ የማያስታውስ ተማሪ እዚህ አለ?

በዚህ አጋጣሚ ስለ ገበያው አንድ ቃል ልናገር። ላያቸው ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎ ውስጣቸው 8 ብቻ የሆኑ ካርዶች በዓለም ሁሉ ይሸጣሉ። እንዲህ ያለው ካርድ ሲሞላ አይናገርም፤ መጻፉን የቀጠለ ይመስላል፣ ምስሎቹ ግን የሉም። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። አዲስ ካርድ ሳይፈተን መስክ አይውጣ።

ወደ ስም እንለፍ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ካሜራዎች ሁሉ ዲሲአይኤም የሚባል ፎልደር የሚፈጥሩት፣ ምስሎችንም በአራት ምልክትና በአራት አሃዝ የሚሰይሙት በጃፓን በወጣ የጋራ ደንብ ነው። አሃዙ ከ0001 ይጀምርና 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች ከሁለት መንደር ሁለት «ዲኤስሲ 0412» ይዘው ሲመጡና በአንድ ፎልደር ሲገለብጡ ኮምፒውተሩ «ልተካው?» ይላል፤ አንዱ በችኮላ አዎን ይላል፤ አንደኛው መንደር ይጠፋል። ተመራቂዎቻችን ላይ ይህ ሲደርስ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ቀደምቶቻችን ግን ይህን ነገር ፈትተውት ነበር። ከእዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የተጻፈው ወንጌል አለ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በየገዳሙና በየአድባራቱ እየዞሩ ብራናዎችን በፊልም አነሡ። ያ ወንጌል በፊልሙ ስብስብ ኢኤምኤምኤል 1832 ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ ይህን ቁጥር ሲጽፍ ሌላው ተመራማሪ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚል ያውቃል። ቁጥሩ ለሁለተኛ መጽሐፍ አልተሰጠም፤ አይሰጥምም። ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት እንዲህ ተመዝግበዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸውም ለዓመታት ካታሎግ ሠርተውላቸዋል። ፊልሙ ከእኛ ካሜራ ያነሰ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነገር ግን ስም ነበረው።

እኛም የካሜራውን ቁጥር ሳንነካ የራሳችንን ስም ከፊቱ እንጨምር፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአንሺውን ምህፃር። የመጀመሪያው ምስል ደግሞ ሁልጊዜ የወረቀት ምስል ይሁን። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የባለቤቱን ፈቃድና የመጽሐፉን መለያ በእጅ ጽፋችሁ ወረቀቱን ራሱን አንሡት። ፎልደሩ ቢጠፋ፣ ስሙ ቢለወጥ፣ ያች ምስል ትመሰክራለች።

ቀን ስል ሌላ ጣጣ አለ። ካሜራዎቻችን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቁም፤ ተማሪው ግን አንዳንዴ ዓመቱን 2010 ብሎ በእኛ ይሞላዋል፣ ወሩን ግን በፈረንጅ ይተወዋል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት የተነሣው ምስል በካሜራው ውስጥ የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ይቀመጣል። ልዩነቱን ቆይተን እናርመዋለን ማለት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የቀን ልዩነቱ እንኳ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ደሴ በጣልያን አውሮፕላኖች የተደበደበችበት ቀን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1935 በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት ሠራዊት እጅ መመለሳቸው የተነገረበት ዲሴምበር 6 ቀን 2021 ደግሞ ኅዳር 27 ቀን 2014 ነው። በፈረንጁ አንድ ቀን፤ በእኛ ሁለት። ምክንያቱ ከ1928 በፊት የነበረው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረው ነው። እኔ የምመክረው ካሜራው በሙሉ በአውሮፓው አቆጣጠር ተሞልቶ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ የእኛው ቀን ግን በወረቀቱ ምስል ላይ እንዲጻፍ ነው።

ስለ ቪዲዮም አንድ ነገር። 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች በሆኑ ካርዶች ላይ የሚሠራው የመዝገብ ዓይነት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ካሜራው የሁለት ሰዓቱን ቃለ መጠይቅ ይከፋፍለዋል። አንዲት ተማሪ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ገልብጣ ካርዱን ባዶ አድርጋው ነበር፤ አዛውንቱ ስለ ልጅነታቸው እየነገሩ ሳሉ ታሪኩ ይቆማል።

ኮፒው ከተጠናቀቀ በኋላ ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን? የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ማስተያየት የመጀመሪያው ነው፤ ግን እንዳያችሁት የእኔ ዘጠኝ ባዶ ምስሎችም መጠን ነበራቸው። የተሻለው ቼክሰም ነው። ኮምፒውተሩ የፋይሉን ይዘት በሙሉ አንብቦ በስሌት አጭር አሻራ ያወጣል፤ ኤስኤችኤ 256 የተባለው ዘዴ 64 ምልክቶች ይሰጣል። ከምስሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዊንዶውስ ውስጥ ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ ያለ ኢንተርኔት ይሠራዋል። የካርዱና የኮምፒውተሩ አሻራዎች አንድ ከሆኑ በኋላ ብቻ፣ ሁለተኛ ቅጂም ከተደረገ በኋላ፣ ካርዱ በካሜራው ውስጥ ፎርማት ይደረግ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን፤ ቅጂዎቹ የት ይቀመጡ? ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ። እኛ ይህን ደንብ ያሟላን መስሎን ነበር። አንዱ ቅጂ በቢሮዬ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በመሳቢያዬ ባለው ሃርድ ዲስክ፣ የአንዳንዱ ሥራ ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ በኮምቦልቻ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ለእሳት ሩቅ ነው፤ ለጎርፍም ሩቅ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በጥቂት ቀናት ልዩነት ደረሰባቸው። ሁለቱም ግቢዎቻችን ተዘረፉ። በዚያን ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ የተቀመጡ ሁለት ቅጂዎች በእርግጥ አንድ ቦታ እንደነበሩ ገባን። የመሳቢያዬ ዲስክና ኮምፒውተሩ አብረው ሄዱ። ከባልደረቦቼ አንዷ ግን በእግሯ ስትወጣ ሁለት ካርዶች በማህረብ ቋጥራ በደረቷ ይዛ ነበር፤ ከቢሯችን ሥራ የተረፈው አብዛኛው ያ ነው። ካርድ ግምጃ ቤት አይደለም ያልኩትን እያስታወሳችሁ እንደምትታዘቡኝ አውቃለሁ።

የማይክሮፊልሙ ሰዎች ይህንንም አስቀድመው አስበውበታል። አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አኖሩ። ማስረጃችን ለምን ባሕር ማዶ ይቀመጣል የሚለው ቅሬታ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ማን ይከፍተዋል፣ በማን ፈቃድ የሚለው በጽሑፍ መወሰን አለበት። እኔ ግን መካከሉ የሌለው መጽሐፍ በእጄ ስላለ ጥያቄውን በትንሽ ትዕግሥት ነው የምሰማው።

ኢንተርኔቱስ? ማለታችሁ አይቀርም። ስሌቱን እንሥራ። 64 ጊጋባይት የመስክ ሥራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ቢጫን፣ ሳይቋረጥ 71 ሰዓት ይፈጃል፤ ማለትም ሦስት ቀን ገደማ። በአንጻሩ ያው 64 ጊጋባይት በሴኮንድ 20 ሜጋባይት በሚጽፍ ተራ ካርድ አንባቢ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደ ዲስክ ይገለበጣል፤ አውቶቡሱም 400 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በአደራ የሚሄድ ዲስክ ከመስመራችን ይፈጥናል። እንዳልኳችሁ መስመሩም ሁልጊዜ የለም፤ በዚያን ጊዜ ስልክ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ያቀረብኩት ሐሳብ በየሦስት ወሩ አንድ ዲስክ በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ፣ ከአሻራዎቹ ዝርዝር ጋር፤ የተመረጡት ምስሎች ብቻ ደግሞ በሌሊት በኢንተርኔት እንዲጫኑ ነው። ገና አልጸደቀም። ዲስክ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ማን ይፈርምበት የሚለው ግን አላለቀም።

የእነዚያ 84 ገጾች ነገር የት ደረሰ የሚል ካለ ልመልስ። ከቢሮዬ ጋር ጠፍተው ነበር። ነገር ግን አዛውንቱ ካረፉ በኋላ ለልቅሶ በሄድኩ ጊዜ፣ የተረፈውን በፍላሽ ገልብጬ አዲስ አበባ ለሚኖረው ልጃቸው ሰጥቼው ነበር። ያኔ ይህን ያደረግሁት ለጥንቃቄ ብዬ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። በ2014 ጥር ላይ ደወልኩለትና ፍላሹ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አብሽር ጋሼ፣ አለ» አለኝ። ማታውን በቴሌግራም ላከልኝ። ከፈትኳቸው፤ ቴሌግራም ፎቶግራፍን ሲልክ ስለሚያሳንሰው ፊደሎቹ ደብዝዘው፣ በምስሎቹ ውስጥ የነበረውም ቀንና ሰዓት ተሰርዞ ነበር። እንደገና ደውዬ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ» አልኩት። በማግሥቱ ከሥራ ሲወጣ ላከው፤ 84ቱም ሙሉ ሆነው ደረሱ። አሁን በሦስት ቦታ ናቸው፤ አንደኛው እዚያው እርሱ ዘንድ ነው።

ካርድ አንባቢና ሁለት ባዶ ዲስኮች ይዤ መጥቻለሁ። ካርድ በኪሱ ያለ ተማሪ ከጥያቄዎቹ በኋላ ወደ ፊት ይምጣ።